ምንጩ ያልታወቀ ሙሌት

ጋሽ ሰርስር ይህን ስም ያገኘው ከሥራው ነው። ሚስቱ ግን «ከባሕርዩ ነው» ትላለች፤ አንድ ነገር ከጠየቀ ሳይሰረስር አይለቅማ! ሥራው መሬት መቆፈር ነው። ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ከሁሉም ቀድሞ እሱ ከነማሽኑ ይሄዳል። የብረት ቧንቧ ወደ መሬት ይሰድዳል፤ ቧንቧው ውስጥ ተጠቅጥቆ የወጣውን አፈር በረጅም የእንጨት ሳጥን ላይ እንደ ቅደም ተከተሉ ያጋድማል፤ ከዚያ ቅጹ ላይ ይጽፋል፦ ከዚህ እስከዚህ ቀይ ሸክላ፣ ከዚህ እስከዚህ ጥቁር ጭቃ፣ ከዚህ በታች አለት። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲል ኖሯል። «የዚህን ከተማ ግማሽ ሕንፃ እግሩን አይቼዋለሁ» ሲል ደረቱን ነፋ ያደርጋል፤ አይፈረድበትም።

በዚህ ሙያ አንድ ልማድ አለ። የመጀመሪያው ቧንቧ ሲወጣ ቆፋሪው አፉን ያየዋል። ጡብ፣ ስብርባሪ ሲሚንቶ፣ ላስቲክ፣ የጫማ ሶል ከታየበት ሰው የሞላው አፈር ነው ማለት ነው፤ ሙሌት ይሉታል። ሙሌት ሕንፃ አይሸከምም፤ ስለዚህ ማንም አይፈልገውም። ቆፋሪው «የሰው ነው!» ብሎ ይጮሃል፤ ሠራተኞቹ «ይደፋ!» ብለው ይመልሳሉ፤ ቧንቧውን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ሆዱን ወደ ጎን ይዘረግፉታል። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ትጻፋለች፦ «ሙሌት፣ ምንጩ ያልታወቀ።» አለቀ። ሳጥን ውስጥ የሚገባው እግዜር የሠራው ብቻ ነው። ጋሽ ሰርስርን ሙያ ያስተማሩት አዛውንት «የሰውን ሥራ ለሰው ተወውና አንተ ወደ መሬቱ ውረድ» ይሉት ነበር። እሱም እንደታዘዘው ሲወርድ ኖረ።

አንዲት ልጅ አለችው። መሬት መውደድን ከአባቷ ወርሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ምድር መምህርት ሆናለች። ሰው «የአባቷ ልጅ» ሲላት አባትየው ሳቁን መደበቅ ያቅተዋል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ መጣችና ዳቦዋን ሾርባ ውስጥ እየነከረች፣ «አባዬ፣ ዛሬ የመጣሁት ለልመና ነው» አለች።

«መኪናዬን ከሆነ ገና ሳትጀምሪ እንቢ ብያለሁ።»

«አፈር ነው የምፈልገው።»

«አፈርማ ሞልቶ! ምን ዓይነት?»

«አንተ የምትደፋውን።»

እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እሰይ! አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ሲደፋ ኖረ፤ አንቺ ደግሞ ከኋላው ልትለቅሚ?»

ልጅቷ ሳቀችና አስረዳች። መሬት ታሪኳን የምትጽፈው በንብርብር ነው፤ አንዱ ንብርብር የበረዶ ዘመን ነው፣ ሌላው ባሕር የነበረበት ዘመን ነው። አሁን ከሁሉም በላይ ያለው ንብርብር ግን በሰው እጅ የተሠራ ነው፦ ላስቲክ፣ ሲሚንቶ፣ የፋብሪካ ጥላሸት፣ ተበልቶ የተጣለ የዶሮ አጥንት። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የሚቆፍር ቢኖር እዚህ ጋ ሲደርስ «ሰው የሚባል ነገር በዚህ አልፏል» ይላል። ስለዚህ ይህ ዘመን ለብቻው «የሰው ዘመን» ተብሎ ይሰየም የሚሉ ምሁራን አሉ፤ የለም፣ አይገባም የሚሉም አሉ። ክርክሩ የጦፈ ነው።

«ወይ ጉድ!» አለች እናት። «ለሰው ዘመን ሙሉ ሊሰየምለት ነው! እኔ የወጥ ቤቱ ቧንቧ እስኪጠገንልኝ ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ።»

«ማክሰኞ እሠራዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«የትኛው ማክሰኞ?»

ጋሽ ሰርስር ወደ ልጁ ዞረ። «እና ከየት ነው የምትፈልጊው?»

«በሚቀጥለው ሳምንት ከምትቆፍሩት ቦታ ነው፤ ከድሮው ባትሪ ፋብሪካ ጀርባ ካለው ሜዳ። ድሮ ረግረግ ነበር አሉ፤ ከዚያ ተሞላ። መዋዕለ ሕፃናት ሊሠራበት ነው፤ አንዴ ሲሚንቶ ከፈሰሰበት ማንም ሊነካው አይችልም። ከላይ ያለውን ሦስት ሜትር ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ አስቀምጥልኝ። አደራህን አባዬ፣ እንዳትደፋው።»

ጋሽ ሰርስር የጎረሰውን ማኘክ ተወ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሥራ ትእዛዙ ላይ ያየው የቦታ ቁጥር ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆፋሪ ከመሆኑ በፊት፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ እዚያ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቷል። አሮጌ ባትሪ ይሰበራል፣ ውስጡ ያለው እርሳስ እየቀለጠ ይወጣል፣ የተረፈው ግራጫ ዝቃጭ ከነቅርፊቱ በእጅ ጋሪ ተገፍቶ ረግረጉ ውስጥ ይደፋል። ጋሪ ከሚገፉት አንዱ እሱ ነበር። ከረግረጉ ማዶ አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት ትኖር ነበር፤ ያለቻት አንዲት የምትታለብ ፍየል ናት። አንድ ቀን ፍየሏ ከዚያ ውሃ ጠጥታ ስትንፈራገጥ ዋለችና ሞተች። ሴትየዋ በማግስቱ ጋሪውን አስቁማ «ልጄ፣ ምንድነው የምትደፋው?» አለችው። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ያያል። «አመድ ነው እትዬ፣ ምንም አያደርግም» አላት ጋሪ ገፊው። እሷም አመነችው። እንዲያውም «አመድ ከሆነስ እድፍ ያስለቅቃል» ብላ ከዚያው ውሃ እየቀዳች ልብስ ታጥብ ጀመር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሱ ግን አልቀለለም፤ ብቻ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ተደረበበትና ማየት ተወው። ከዓመት በኋላ ሥራውን ለቀቀ፣ ቁፋሮ ገባ፣ አገባ፣ ወለደ። ቤቱ ውስጥ ያንን ፋብሪካ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ልጁም የምታውቀው አባቷ በወጣትነቱ «አንድ ፋብሪካ» እንደሠራ ብቻ ነው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ልጅቷ።

«እሺ አልኩ እኮ» አለ፤ እሺ ግን አላለም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ማሽኑ ሜዳው ላይ ቆመ። ኦፕሬተሩ ለዓመታት አብሮት የሠራ ሰው ነው፤ በቀን አሥር ቃል ስለማይወጣው «ሬዲዮ» ይሉታል። የመጀመሪያው ቧንቧ ወርዶ ሲወጣ ጋሽ ሰርስር ጎንበስ ብሎ አየ። ላስቲክ፣ የጡብ ስባሪ፣ የቆርቆሮ ክዳን።

«የሰው ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ይደፋ!» አሉ ሠራተኞቹ። መዶሻው መታ መታ አደረገ፤ አንድ ሜትር ተኩል ሙሉ ወደ ጎን ተዘረገፈ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። አደራው ትዝ ያለው አፈሩ መሬት ላይ ተበትኖ ሲያየው ነው። «ወይኔ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ማለ ተገዘተ፣ እንዴት ረሳሁት እያለ ዙሪያውን ዞረ። ያን ጊዜ የተሰማው እውነተኛ ጸጸት ነው፤ ይሄ ይመዝገብለት። «አይዞን፣ ሁለተኛው አለ። ሬዲዮ፣ ቀስ አድርገህ አውጣው፤ ማንም እንዳይነካው!» አለ።

ሁለተኛው ቧንቧ ወጣ። አፉ ላይ ግራጫ ነገር ነበር፤ መሐሉ ላይ የጥፍር ያህል ጥቁር ስባሪ ተሰክቷል። ጋሽ ሰርስር በጣቱ ነካው። የባትሪ ቅርፊት ነው። ሌላ ሰው መቶ ጊዜ ቢያየው አያውቀውም፤ እሱ ግን የገዛ ጋሪውን እጀታ የጨበጠ ያህል አወቀው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ያወጣው ቧንቧ ነው።

ሬዲዮ ይጠብቃል። ሠራተኞቹ ይጠብቃሉ። ጋሽ ሰርስር ቀና አለ። ልጁ ይህን ወደ ቤተ ሙከራ ስትወስድ፣ «አባዬ፣ እርሳስ ነው እኮ! ማን ይሆን የደፋው?» ስትለው፣ ዓይኗን እያየ ምን እንደሚላት አሰበ።

«የሰው ነው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሠራተኞቹ ተያዩ። ሬዲዮ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ መዶሻውን አነሣ።

ቀትር ላይ ልጅቷ ባዶ ሳጥን ይዛ እየሮጠች መጣች። አባቷ አጥሩ ጋ ጠበቃት። «ልጄ፣ ጉድ ሠራሁሽ። እጄ ለምዶ ደፋው» አላት። ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። አንድ ቃል ክፉ ብትናገረው ይሻለው ነበር፤ ነገር ግን ትከሻውን ያዘችና «በቃ አባዬ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሠላሳ ዓመት የደፋ እጅ በአንድ ቀን አይመለስም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ራሴ ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ» አለችው። ይባስ ብላ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ልጣ ሰጠችው። ብርቱካኑን ሲበላ እንደ ኮሶ መረረው።

ቅጹን ሞላ። ከዜሮ እስከ ሁለት ሜትር ከአርባ፦ ሙሌት፣ ምንጩ ያልታወቀ። ከዚያ በታች ጥቁር የረግረግ ጭቃ። ወጣቱ መሐንዲስ ቅጹን አየት አድርጎ «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፤ መሠረቱን ከሙሌቱ በታች እናወርደዋለን» አለ።

«ሙሌቱስ?» አለ ጋሽ ሰርስር።

«ተቆፍሮ የሚወጣውን የትም አንወስደውም፤ የልጆቹን መጫወቻ ሜዳ እንደለድልበታለን። ላዩ ላይ ትንሽ አሸዋ ይለብሳል። ልጆች ደግሞ አፈር ይወዳሉ» ብሎ ሳቀ። መሐንዲሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጹ የነገረውን ነው ያመነው።

ጋሽ ሰርስር ቤቱ ገብቶ ዕቃ ማስቀመጫውን በረበረ፤ መፍቻ አወጣና ማጠቢያው ሥር ተኛ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ቆየች። ስድስት ወር ያልነካውን ቧንቧ፣ ያውም ረቡዕ ቀን፣ ማንም ሳይጨቀጭቀው!

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሠርተህ ነው?» አለችው።

«ቧንቧ ነዋ።»

«እሱንማ አያለሁ። ምን ሠርተህ ነው ያልኩህ?»

ማጠቢያው ሥር እንደተኛ፣ ፊቱን ሳታየው፣ ሁሉንም ነገራት። ጋሪውን፣ ፍየሏን፣ አመድ ነው ያለውን፣ የተደፋውን ሁለተኛ ቧንቧ፣ የልጆቹን ሜዳ። ሲጨርስ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ ይህን አለማወቋ አስከፍቷታል፤ አልደበቀችውም። «እኔንም ነው የደበቅኸኝ» አለችው። ከዚያ የወደቀውን ጨርቅ አነሣችና፣ «ለመሆኑ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ ቅጽ አልሞላ፣ ሜዳ አልደለድል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ያንተው ደግሞ የባሰ ነው፤ በሽታው ለሰው ልጅ ነው የሚተርፈው» አለችው።

«ልጄስ?»

«ልጅህማ ትሰማሃለች። ጆሮ አላት።»

ሐሙስ ማሽኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ሰንሰለቱ ሲታሰር ጋሽ ሰርስር ደረሰ። «ሬዲዮ፣ ፍታው። እዚሁ አንድ ሜትር ፈቀቅ ብለን ሌላ ጉድጓድ እንወርዳለን።»

መሐንዲሱ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ማሽኑ ከሰዓት ሌላ ቦታ ይጠበቃል!»

«ይጠበቅ። ትናንት የሰጠሁህ ቅጽ ውሸት ነው። የሙሌቱን ምንጭ አውቀዋለሁ፤ የባትሪ ፋብሪካ ዝቃጭ ነው፣ እርሳስ አለበት። ያን አፈር ሕፃን ሊጫወትበት አይገባም።»

«በምን ያውቃሉ?»

«ገፍቼ አምጥቼው ነዋ።»

መሐንዲሱ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሥራው እንደሚቆም፣ አለቆቹ እንደሚጮሁበት፣ ምናልባትም ሽማግሌውን ከሥራ እንደሚያሰናብቱት ገብቶታል። «ይሄን በጽሑፍ ይሰጡኛል?» አለ።

«ለሱ ነው የመጣሁት።»

ልጅቷን አስጠራት። ሳጥኗን ይዛ ስትደርስ ቧንቧው ወርዶ ነበር። የመጀመሪያው ሲወጣ ሠራተኞቹ በልማድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጋሽ ሰርስር እጁን አነሣ፤ ዝም አሉ። ቧንቧውን ራሱ ይዞ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው እየተጠነቀቀ አፈሩን ሳጥኑ ላይ አጋደመው። ሁለተኛውን ከጎኑ አስከተለ። ሬዲዮ ያለወትሮው «እንዲህ ነበር ትናንት መደረግ የነበረበት» አለ፤ ለዚያ ቀን ቃሉን በዚያው ጨረሰ።

ልጅቷ ተንበርክካ ታይ ጀመር። ደስታዋ ከፊቷ ይፈልቃል። «አባዬ፣ እየው! ላስቲኩ፣ ከዚያ ጡቡ፣ ከዚያ ይሄ ግራጫው… ምን ይሆን?»

«የእርሳስ ዝቃጭ ነው። ጥቁሩ የባትሪ ቅርፊት ነው። ከታች ደቀቅ ያለው ሚያዝያና ግንቦት የደፋነው ነው፤ ያኔ ወንፊት ነበረን። ከላይ ሻካራው ወንፊቱ ከተቀደደ በኋላ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። «የደፋነው?»

«እዚያ ፋብሪካ ነበር የሠራሁት። ልጄ፣ ትናንት ዋሸሁሽ። የመጀመሪያውን ቧንቧ የደፋው እጄ ነው። ሁለተኛውን ግን እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው ያስደፋሁት። አፍሬሽ ነው።»

ልጅቷ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለአባቷ አዝና ይሁን በአባቷ ተቀይማ፣ እሷም በዚያች ሰዓት የለየችው አይመስልም። ትናንት ስላጽናናችው ተናድዳለች፤ ይሄ ግልጽ ነበር። «ብርቱካንም ልጬልህ ነበር» አለች።

«ልጠሽልኝ ነበር።»

ከዚያ ሥራ ሥራ ነውና ሜትሩን ዘረጋች፤ እሱ ያዘላት። እያንዳንዱን ንብርብር ለኩ። ሲጨርሱ ጋሽ ሰርስር አዲስ ቅጽ አወጣና ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ይጽፍ ጀመር። መነጽሩ ላብ እያዘለበት ሁለት ጊዜ አወለቀው።

«ያንቺ ሰዎች ‹የሰው ዘመን› ነው የሚሉት አይደል?» አላት ቀና ሳይል።

«አዎ።»

«ሰው ካሉት ማንም አይደለም ማለት ነው። እኛም እኮ ‹የሰው ነው› እያልን ነው ስንደፋ የኖርነው። ቢሰይሙትም ባይሰይሙትም ግድ የለኝም፤ የዚችን ሜትር ግን ማን እንደሠራት አውቃለሁ።»

ጽፎ ጨረሰና ሰጣት። ቆማ አነበበች።

«ከ1.50 እስከ 2.40። ግራጫ ዝቃጭ፣ የባትሪ ቅርፊት ያለበት። ምንጩ የታወቀ፦ ከባትሪ ፋብሪካው በእጅ ጋሪ የመጣ። ከደፉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።»

ከታች፣ ቆፋሪዎች ሁልጊዜ ባዶ በሚተዉት የአስተያየት ቦታ ላይ፣ ፊደሉ እየጠበበ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ተጽፏል፦

«ከዚህ ውሃ የአንዲት ልብስ አጣቢ ፍየል ጠጥታ ሞታለች። ሴትየዋ ምን እንደምደፋ ጠይቃኝ አመድ ነው ብያታለሁ። አምናኝ በውሃው ልብስ ስታጥብ ቆይታለች። አመድ አልነበረም። ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መሐንዲሱ ከኋላዋ ሆኖ እያነበበ ነበር። ጋሽ ሰርስር የምትለውን ጠበቀ፤ ብትጮህበት ዝግጁ ነበር፤ እንዲያውም ወረቀቱን እንድትቀድለት የተመኘች ትንሽ ነገር፣ እውነት ለመናገር፣ በልቡ ጥግ ነበረች።

ወረቀቱን ሳጥኑ ላይ መልሳ ዘረጋችውና እንዳይበር በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባዬ» አለች፣ «ፊርማ ይቀራል።»

ስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ።